የልጁን የመጀመሪያ ግንብ ዋጋ ማን ይክፈል?

በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ቤት ያላሠራ የቤተ ሰብ አለቃ ጥቂት ነው። ቤቱን ሲያሠራ ለግንበኛው ድንጋይ የሚያቀብለውን ልጅ ስሙን የሚጠይቅ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። እኛም ራሳችን ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ፣ ግንበኝነትንና አናጢነትን ሊለምዱ በባለ እጆች ሥር ስለሚውሉ ወጣቶች፣ ይልቁንም ወላጆቻቸው ከጊች ወርደው በደባርቅ ስለ ሰፈሩት ልጆች፣ ያየነውንም ያጠፋነውንም ሳንደብቅ ልንጽፍ አስበናል።

ጊች በሰሜን ተራሮች ላይ 3600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ የነበረች መንደር ናት። አገሩ ብርድ የበረታበት፣ ከገብስ በቀር ሌላ እህል እምብዛም የማይበቅልበት፣ ጓሳና ጅብራ የሞላበት ነው። ይህ ቦታ የሚገኘው በ1962 ዓ.ም. በሕግ በተከለለው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ስለ ተመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹም ስለ ተስፋፋ፣ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የጊች አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው በደባርቅ ከተማ አጠገብ ሰፈሩ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ስለ አራዊቱ መዳን ብዙ ተጽፏል፤ ደስም ይላል። ከሰዎቹ ጋር ወርዶ በከተማው በር ላይ ስለ ቀረው የእጅ ዕውቀት ግን ጥቂት እንኳ ሲነገር አልሰማንም።

በጊች ቤት የሚሠራው እንደ ሌላው ደጋ አገር ሁሉ በደቦ ነበር። ባለቤቱ እንጨቱንና ሣሩን ያቀርባል፤ እመቤቲቱ ምግቡን ታሰናዳለች፤ ጎረቤቱም ጕልበቱን ያዋጣል። ከዚያ የመጡ አንድ አባት እንዳጫወቱን፣ ልጅ ይህን ሥራ የሚማረው በደረጃ ነበር። በመጀመሪያ ውሃ ይቀዳል። ቀጥሎ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሩ ያቦካል። ከፍ ሲል ማገሩን ከቋሚው ጋር በልጥ ያስራል። ጕልበቱ ሲጠና የሣሩን ነዶ ወደ ጣራ ያቀብላል። በመጨረሻ ክዳን ከሚያውቅ ሽማግሌ ጎን ጣራ ላይ ይወጣል። ጉልላቱን እንዲያስር የሚፈቀድለት ግን የከደነው ጣራ ክረምቱን ሳያፈስ ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። ልጁ ያሰረው ማገር ቢላላ ሽማግሌው ፈቶ እንደ ገና ያሳስረዋል፤ የሚጠፋውም ልጥ ብቻ ነው። ዛሬ ቤት የሚሠራለት ሰው ነገ በሌላው ቤት ሠሪ ስለ ሆነ፣ የልጅን ስሕተት ሁሉም በየተራው ይሸከመዋል። ትምህርቱ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ዋጋው በመንደሩ ሁሉ ላይ ተከፋፍሎ ስለ ነበር ለማንም አልከበደም እንጂ።

ወደ ከተማ ሲወርዱ ነገሩ ተለወጠ። በከተማ ድንጋዩ በገንዘብ፣ ሲሚንቶው በገንዘብ፣ የግንበኛውም ቀን በገንዘብ ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ስኳድራ የሚባሉት ነገሮች ስማቸው እንኳ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ስለ ሆነ፣ ለጊች ገበሬ ሥራውም ስሙም እንግዳ ነው። የሣር ክዳን ጥበብ የነበራቸው አባት በቆርቆሮ ቤት ፊት እንዳልተማረ ሰው ሆነው ቆሙ። ለልጃቸው የሚያወርሱት ሙያ ስላልተገኘ፣ ልጁ ማለዳ ተነሥቶ ቤት ወደሚሠራበት ሁሉ እየሄደ ለሸክም ይቀጠራል። ሸክም ደግሞ ትምህርት አይደለም። አሥር ዓመት ድንጋይ የተሸከመ ሰው በአሥረኛው ዓመት ጀርባው ይደክማል እንጂ ግንበኛ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በደባርቅ ባለው ግቢያችን አንዲት ክፍል ልንጨምር ፈልገን ከአንድ የታወቁ ግንበኛ ጋር ተዋዋልን። ከርሳቸው ጋር 17 ዓመት የሆነው ልጅ ነበረ፤ ወላጆቹ ከጊች ሲወርዱ ገና ሕፃን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲያቀብልና ሲሚንቶ ሲያቦካ ቈይቷል፤ ቱምቢውን ግን በእጁ ይዞ አያውቅም። አንድ ቀን ግንበኛው ለጉዳይ ወደ ገበያ ወጣ ባሉ ጊዜ፣ ልጁ በገዛ ፈቃዱ ሲባጎውን ወጥሮ ሦስት ረድፍ ድንጋይ ደረደረ። እኛም ከፍርድ ቤት ስንመለስ አየነው። ማዕዘኑ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ አዘንብሏል። በዚህ ጊዜ ተቈጣን። «ይህ ቤት ነው ወይስ የልጆች መጫወቻ?» ብለን ግንቡ እንዲፈርስ፣ የልጁም የቀን ዋጋ እንዲቀነስ አዘዝን። ግንበኛው አንድ ቃል ሳይመልሱ አፈረሱት። ልጁም የፈረሰውን ድንጋይ መልሶ ተሸከመ።

በዚያ ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ባለቤታችን፣ «እርስዎ ቁም ጽሕፈት ሲማሩ መጀመሪያ የጻፏት ፊደል ቀጥ ያለች ነበረችን?» ብለው ጠየቁን። እኛም ጠማማ እንደ ነበረች ተናገርን። «ታዲያ የኔታ ያን ቀን ምሳዎን ከለከሉዎት?» አሉ። መልስ አጣን።

ነገሩ እውነት ነው። የኔታ በደኅናው ብራና ላይ አላስጻፉንም። ከብራናው ጠርዝ ተቈርጦ የወደቀውን ቅዳጅ ሰጡን፤ በዚያ ላይ ጻፍን፤ ስንሳሳት ፍቀን እንደ ገና ጻፍን። እጃችን እስኪጸና ድረስ ከመጽሐፉ ብራና አላደረሱንም፤ ከቀለሙና ከብርዑ ግን አንድ ቀን እንኳ አልከለከሉንም። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍነው ስሕተት በጨርቅ ይጠፋ ነበር። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በሌላው ነገር ቢለያዩም በዚህ አንድ ነበሩ፤ ለተማሪው ስሕተት የሚረክስበትን ቦታ አዘጋጁለት። የኛ ልጅ ግን ቅዳጅ ብራና የሚሆነው ድንጋይ የሚሰጠው አላገኘም። ስለዚህ ከደኅናው ብራና ሰርቆ ጻፈ።

በማግሥቱ ግንበኛውን ጠርተን ልጁን ስለምን እንደማያስተምሩት ጠየቅናቸው። እንዲህ ሲሉ መለሱልን፦ «ጌታው፣ እኔስ ማስተማር እጠላለሁን? ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የሚያግዘኝን እፈልጋለሁ። ነገር ግን ግንቡ የርስዎ ነው፤ ሲሚንቶውም የርስዎ ነው። ቀኑ ደግሞ ተቈጥሮ ተሰጥቶኛል። ልጁ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? እኔ ልክፈል? ልጁ ይክፈል? ትናንት እንዳየሁት እርስዎም አይከፍሉም።»

ይህን ቃል በሰማን ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ተገለጠልን። ሰው ሁሉ፣ «ባለ እጆች ሙያቸውን ይሰውራሉ፤ ለልጅ አያሳዩም» እያለ ያማል። አንዳንዱ ይሰውር ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ተለማማጁን ከቱምቢው የሚያርቀው የጌታው ቅናት ሳይሆን የባለቤቱ ችኮላ ነው። ሁላችንም ጥሩ ግንበኛ እንፈልጋለን፤ ጥሩ ግንበኛ የሚሆነው ልጅ ግን በሌላ ሰው ግቢ እንዲሳሳትልን እንወዳለን። ሁሉም እንዲህ ካለ ልጁ የሚማርበት ግቢ ከቶ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ እንዲህ አደረግን። በግቢያችን ጓሮ ከብት የሚያግድ አጭር አጥር ያስፈልገን ነበር። እርሱን ለልጁ ሰጠነው። ግንበኛውም ሲሚንቶ እንዳይነካ፣ ድንጋዩን በጭቃ ብቻ እንዲያያይዝ አዘዙት። በጭቃ የተሠራ ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ሳይበላሽ ይመለሳልና። ለትምህርቱ የተቈረጠውን ቀን ዋጋ ግማሹን እኛ፣ ግማሹን ግንበኛው ቻልን።

የልጁም አባት ነገሩን ሰምተው መጡ። በጊች ካብ ሲክቡ ያደጉ ስለ ሆኑ ድንጋይ መምረጥ ያውቃሉ። ድንጋይ በሰፊው ፊቱ መተኛት እንዳለበት፣ የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ በታችኛው መጋጠሚያ ላይ መዋል እንደሌለበት፣ አልፎ አልፎም የግንቡን ሁለት ገጽ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ማስገባት እንደሚገባ ለልጃቸው አሳዩት። ግንበኛው ደግሞ ማዕዘኑን አስቀድሞ ማቆምን፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲባጎ መወጠርን፣ በየረድፉም በቱምቢና በውሃ ልክ መመርመርን አስተማሩት። በቆርቆሮ ቤት ፊት ዝም ብለው የነበሩት አባት በዚያ ቀን ከከተማው ግንበኛ ጋር እኩል ተከራከሩ። ልጁ አጥሩን ሦስት ጊዜ አፈረሰ። አራተኛው ቆመ። በመካከሉ ጥቂት ሆድ ያወጣበት ስፍራ አለ፤ እኛም አላስፈረስነውም። ከብት ያግዳል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ክፍሊቱ ልታልቅ ስትል ግን ግንበኛው ከአራቱ ማዕዘን አንዱን ለልጁ ሰጡት። እኛም ቱምቢ ጥለን አየነው፤ ቀጥ ያለ ነበር።

ይህ ችግር በኛ ዘመን የተጀመረ እንዳይመስለን ያለፈውን እንመልከት። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ይገኙ ነበር። ርስት ስለ ተከለከሉ በእጃቸው ሥራ ይኖሩ ነበር፤ አባትም ለልጁ ሙያውን ያወርስ ነበር። የሠሩትን የሚወድ ሕዝብ ግን ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ጎረቤት ልጁን ወደ እነርሱ ልኮ ስላላስተማረ፣ በእጃቸው የነበረው ጥበብ አብሯቸው ሄደ።

ዐፄ ቴዎድሮስም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆችን አስቀምጠው፣ የአገር ልጆች ከነርሱ ጋር እየሠሩ እንዲማሩ ፈቅደው ነበር። ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ነገር ግን ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና መድፉ ከትምህርቱ ይልቅ ተቻኰለ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱና የውጭ አገር ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ የጋፋት ሥራ ተቋረጠ። መድፉ ቀረ፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልቀረም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ ቱምቢን ከጌታው እጅ ወደ ልጁ እጅ አያሻግርም። ያን የሚያደርገው ግቢውን የሚከፍት ባለቤት ነው።

በዛሬውም ሕግ ቢሆን ለወጣቱ የተጻፈ ጥበቃ አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 መሠረት 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ በሌሊትም እንዳይሠራ፣ ጤናውንና ሕይወቱን በሚጐዳ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ታዟል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ እንደምናየው፣ ሰው ስለ ድንጋይና ስለ አሸዋ በጽሑፍ ይዋዋላል፤ ስለ ልጁ ግን በቃል እንኳ አይነጋገርም። ልጁ ከጣራ ሲወድቅ ወይም ዋጋው ሲቀርበት ብቻ ስሙ በወረቀት ላይ ይገኛል።

በሌላም አገር ይህ ነገር እንዴት እንደ ተያዘ ማወቅ ይጠቅማል። በጀርመን አገር በ1961 ዓ.ም. የወጣ የሙያ ትምህርት ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ጌታው ለተለማማጁ የሚሰጠው ሥራ ሁሉ ለትምህርቱ የሚረዳ መሆን አለበት፤ ለሸክም ብቻ ሊያውለው አይችልም። የግንበኝነት ትምህርት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ልጁም ከጌታው ጋር ውል በጽሑፍ ያደርጋል። በአውሮፓ ባሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ተለማማጁ የሚገነባው ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ በሌለበት የኖራና የአሸዋ ቡኬት ነው። ማታ ይፈርሳል፤ ጡቡም ተጠርጎ ለነገው ተማሪ ይደረደራል። የኛ ግንበኛ በጓሮአችን በጭቃ ያደረጉትም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በአገራችንም ከሙያ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ወጣቶች የትብብር ሥልጠና በሚባለው ደንብ ወደ ሥራ ቦታ ይላካሉ። ደንቡ መልካም ነው። ነገር ግን ወጣቱ ከደረሰበት ቦታ የሚጠብቀው መጥረጊያ ብቻ ከሆነ፣ በደብተሩ ላይ የሚታተመው ማኅተም ለራሱ ለወጣቱም ሆነ ነገ ለሚቀጥረው ሰው የሐሰት ምስክር ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ጥቂት ነገር አለ።

አንደኛ፤ ቤት የሚያሠራ ሰው ከግንበኛው ወይም ከአናጢው ጋር ሲዋዋል ለልጁ የሚሆን አንድ ሥራ ይለይለት፤ ይህም የጓሮ አጥር፣ የማገዶ ቤት ወይም የውሃ መውረጃ ሊሆን ይችላል። ይህ ሥራ ቢጠምም ቤት አይጥልም፤ ቢቀና ሰው ያወጣል። ጣራ የሚሸከመውንና ሰው የሚያድርበትን ግንብ ግን የጌታው እጅና ዐይን ሳይለየው ማንም ለተለማማጅ አይስጥ።

ሁለተኛ፤ የስሕተቱ ዋጋ አስቀድሞ ይነገር። ባለቤቱ ይህን ያህል፣ ጌታው ይህን ያህል ይቻል። ከልጁ ዋጋ ላይ ግን አይቀነስ። ስሕተቱን ከዋጋው የሚከፍል ልጅ ሁለተኛ ድንጋይ ለመደርደር አይደፍርም፤ ያጠፋውንም ይደብቃል። የተደበቀ ስሕተት ደግሞ ኋላ ጣራ ከወጣበት በኋላ ይገኛል።

ሦስተኛ፤ ባለ እጅ የሆነ ሰው ልጁ በየስድስት ወሩ አንድ አዲስ ነገር በእጁ መያዙን ይቍጠር። ዘንድሮም እንደ ዐምና ድንጋይ ብቻ የሚያቀብል ከሆነ ሸክሙን ሸጠለት እንጂ ሙያ አላወረሰውም።

አራተኛ፤ ወላጆች ልጃቸውን ለሥራ ሲልኩ በቀን ስንት እንደሚያገኝ ብቻ አይጠይቁ። ማታ ሲመለስ፣ «ዛሬ ምን ያዝህ?» ብለው ይጠይቁት። ሸክም ብቻ ከሆነ ወደ ጌታው ሄደው በትሕትና ያነጋግሩ።

አምስተኛ፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ባለሥልጣኖች፣ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ስታሠሩ የሲሚንቶው ልክ በውሉ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ስንት ወጣት ምን እንደሚማርበትም ይጻፍ። ይልቁንም ከቀዬው ተነሥቶ በሰፈረ ሕዝብ አጠገብ የሚሠራ ሥራ ቢኖር ከዚያ ሕዝብ ልጆች ይወሰድ። ሰው ለአገር ጥቅም ሲል አባቱ የሠራውን ቤት ከለቀቀ፣ አገሩም በፈንታው ልጁ ሌላ ቤት መሥራት እንዲችል ማስተማር ይገባዋል።

አንዳንድ አንባቢ፣ «እኔ ገንዘቤን አውጥቼ የሰው ልጅ የማስተምርበት ዕዳ ምንድር ነው?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው የምንመልስለት አጭር ነው። ዛሬ ቤትህን ቀጥ አድርጎ የሚሠራልህ ግንበኛ ልጅ በነበረ ጊዜ በአንድ ሰው ግቢ ተሳስቷል። ያ ሰው ታግሦ ዋጋውን ከፍሎልሃል። አንተም ያን ዕዳ የምትመልሰው ለርሱ አይደለም፤ ከግቢህ ድንጋይ ተሸክሞ ለቆመው ልጅ ነው።

ስለዚህ ነገ ጧት ግንበኛ ሲመጣ፣ አስቀድመን የልጁን ስም እንጠይቅ።